ከ3 ዓመት ጀምሮ በነጻ የሚሰጥ የመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት፦ ሕጉ፣ ገንዘቡና የወላጆች መብት

በእስራኤል አገር የሚኖር ልጅ ከ3 ዓመት ዕድሜው ጀምሮ አንደኛ ክፍል እስኪገባ ድረስ በመንግሥት ወጪ በመዋዕለ ሕፃናት (ጋን) የመማር መብት አለው። ይህም በጠቅላላው 3 የትምህርት ዓመት ማለት ነው። ዛሬ ይህ መብት ከጥንት የነበረ ነገር ይመስላል። ይሁን እንጂ ሕጉ በክኔሴት ከጸደቀበት ጊዜ አንስቶ ለአገሪቱ ልጆች ሁሉ ሥራ ላይ እስከዋለበት ጊዜ ድረስ 28 ዓመት አልፏል።

በማህበረሰባችን ውስጥ "ነጻ" የሚለው ቃል ምን ምን እንደሚጨምርና ምን እንደማይጨምር፣ መብቱንም ለማግኘት ምን ማድረግ እንደሚያስፈልግ ጠርቶ ያልተነገራቸው ወላጆች ጥቂት አይደሉም። በተለይም በመርካዝ ክሊታ ያሉ አዲስ ገቢ ቤተሰቦችና የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አያቶች ብዙ ጊዜ መረጃው የሚደርሳቸው የምዝገባው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ስለሆነም የሕጉን ታሪክ፣ የገንዘቡን አካሄድና ወላጆች ሊያውቁት የሚገባውን በየርዕሱ እንደሚከተለው አቅርበናል። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሕጉ ከየት ተነስቶ የት ደረሰ?

የእስራኤል መንግሥት በተመሠረተ በዓመቱ፣ በ1949፣ የግዴታ ትምህርት ሕግ (ሖክ ሊሙድ ሖባ) ወጣ። ሕጉ በዚያን ጊዜ ከመዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የሚሸፍነው ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለውን አንድ ዓመት ብቻ፣ ማለትም የ5 ዓመት ልጆችን ነበር። "ጋን ሖባ" የሚለው ስያሜ የመጣው ከዚህ ነው። ከዚያ በታች ያሉት የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች ወላጆቻቸው በሚከፍሉት ገንዘብ ይማሩ ነበር፤ ክፍያውም እንደ ቤተሰቡ ገቢ ከፍና ዝቅ ይል ነበር።

በ1984 ክኔሴት ሕጉን አሻሽሎ መብቱን እስከ 3 ዓመት ዕድሜ ዝቅ አደረገው። ዓመቱ በእኛ ታሪክ ትልቅ ቦታ አለው። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር አካባቢ በሱዳን በኩል በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንን ያመጣው የሙሴ ዘመቻ (ሚብጻ ሞሼ) ተጀምሯል። ሆኖም የተሻሻለው ሕግ በወረቀት ላይ ቀረ። መንግሥት ለዚህ የሚሆን በጀት የለም በማለት አፈጻጸሙን በየጊዜው እያራዘመ ዓመታት አለፉ።

በ1999 ሕጉ በከፊል ሥራ ላይ መዋል ጀመረ። ይህም በኑሮ ደረጃቸው ዝቅተኛ በሆኑና ቅድሚያ እንዲሰጣቸው በተወሰኑ አካባቢዎች ላሉ ልጆች ነበር። በሌላው የአገሪቱ ክፍል የሚኖሩ ወላጆች ግን መክፈላቸውን ቀጠሉ። ስለዚህ እኩል ገቢ ያላቸው ሁለት ቤተሰቦች አንዱ በነጻ ሲያስተምር ሌላው በሚኖርበት ሰፈር ምክንያት ብቻ የሚከፍልበት ሁኔታ ነበር።

ለውጡ የመጣው በ2011 የበጋ ወራት ነው። የኑሮ ውድነትን በመቃወም በቴል አቪቭ ሮትሺልድ ጎዳና ላይ ድንኳን ተተክሎ፣ ተቃውሞው ወደ ብዙ ከተሞች ተዛመተ። ልጆችን ለማሳደግ የሚወጣው ወጪ ከዋነኞቹ ጥያቄዎች አንዱ ነበር። መንግሥት በፕሮፌሰር ማኑኤል ትራኽተንበርግ የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴውም በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ባቀረበው ሪፖርት ከ3 ዓመት ጀምሮ ያለው ትምህርት ነጻ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። መንግሥት በ2012 መጀመሪያ ላይ ሐሳቡን ተቀብሎ፣ በ2012 ከተከፈተው የትምህርት ዓመት ጀምሮ ሕጉ በመላ አገሪቱ እንዲሠራ ወሰነ። በቂ ክፍሎችን ሠርቶ መጨረስ ግን ተጨማሪ ዓመታትን ጠይቋል።

ሕጉ በ1984 ሲጸድቅ 3 ዓመቱ የነበረ ልጅ በ2012 የ31 ዓመት ሰው ነበር። ማለትም ለእርሱ የታሰበውን መብት ያገኙት የእርሱ ልጆች ናቸው። በመካከል ባሉት ዓመታት፣ በ1991 በሰለሞን ዘመቻ (ሚብጻ ሽሎሞ) በሁለት ቀን ውስጥ ከገቡት ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን ጋር የመጡትን ሕፃናት ጨምሮ፣ የልጅ ጋን መግባት የተመካው ቤተሰቡ በሚኖርበት ሰፈር፣ ወላጅ ሊከፍል በሚችለው ገንዘብና በተለያዩ የእርዳታ ፕሮግራሞች ላይ ነበር።

መንግሥት ለምን ይከፍላል?

በኢትዮጵያ በገጠር ስንኖር ልጅ የሚማረው ከቤተሰቡ ጎን ሆኖ ነው። ከእናቱ ጋር ውሃ ይቀዳል፣ ከታላላቆቹ ጋር ከብት ይጠብቃል፣ የሽማግሌዎችንና የቄሶችን ቃል ሲሰማ ያድጋል። ያ ትምህርት ለዚያ ኑሮ ሙሉ ነበር። በእስራኤል ያለው የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ግን ልጁ ሲመጣ እርሳስ መያዝ፣ በክብ ተቀምጦ ማዳመጥ፣ ተራ መጠበቅ፣ መቁጠርና የፊደላትን ድምፅ መለየት እንደለመደ አድርጎ ነው የሚጀምረው። እነዚህን ልጁ የሚለምደው በ3ቱ የጋን ዓመታት ነው። በቤት የቆየ ልጅ አእምሮው ከሌሎቹ አያንስም፤ ነገር ግን ጓደኞቹ ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ እንደሚነሳ መንገደኛ ይሆናል።

በዚህ ጉዳይ ላይ በዓለም ከታወቁት ጥናቶች አንዱ በአሜሪካ፣ ሚሺጋን ግዛት፣ ኢፕሲላንቲ በምትባል ከተማ በ1962 የተጀመረው ነው። ከድሃ ቤተሰብ የተወለዱ 123 ጥቁር አሜሪካውያን ሕፃናት በሁለት ተከፍለው፣ ግማሽ ያህሉ መዋዕለ ሕፃናት ገቡ፤ የቀሩት አልገቡም። ተመራማሪዎቹ ሁለቱንም ወገኖች 40 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ተከታተሏቸው። ከገቡት መካከል ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱትና ሥራ ያላቸው በቁጥር በልጠው ተገኙ፤ በተደጋጋሚ የታሰሩትም አነሱ። ሆኖም በዚያ መዋዕለ ሕፃናት የልጆቹ ቁጥር አነስተኛ ነበር፤ አስተማሪዎቹም በየሳምንቱ ወደ ልጆቹ ቤት እየሄዱ ከእናቶች ጋር ይሠሩ ነበር። ውጤቱ የመጣው ከበሩ መከፈት ብቻ ሳይሆን በውስጥ ከሚሠራው ሥራና ከወላጆች ተሳትፎ ጭምር ነው።

ገንዘቡ በማን በኩል ይሄዳል?

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ችግር ሲያጋጥም ለማን አቤት እንደሚባል ለመለየት ነው።

በመንግሥት ጋን ውስጥ የጋን አስተማሪዋ (ጋነኔት) የትምህርት ሚኒስቴር ሠራተኛ ናት፤ ደመወዟን የሚከፍለው መንግሥት ነው። ረዳቷ (ሳያዓት) ግን የማዘጋጃ ቤቱ (ኢሪያ) ሠራተኛ ስትሆን፣ ሚኒስቴሩ በወጪው ይካፈላል። ሕንጻውን፣ ግቢውንና ጥገናውን የሚመለከተው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። በመሆኑም ስለ ትምህርቱና ስለ አስተማሪዋ ቅሬታ ካለ አቤቱታው ለሚኒስቴሩ የጋን ተቆጣጣሪ (ምፋካሐት) ይቀርባል። ስለ ምዝገባ፣ ስለ ረዳት እጥረት ወይም ስለ ግቢው ደኅንነት ከሆነ ደግሞ ለማዘጋጃ ቤቱ የትምህርት ክፍል ነው። ብዙ ወላጆች ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው የሚመላለሱት ይህ ክፍፍል ስለማይነገራቸው ነው።

በአንድ ጋን እስከ 35 ልጆች ሊኖሩ ይችላሉ። ለ3 ዓመት ልጆች ይህ ቁጥር ከባድ በመሆኑ፣ ወላጆች ተቃውሞ ካሰሙ በኋላ በ2015 በተከፈተው የትምህርት ዓመት 30 እና ከዚያ በላይ ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ጋኖች ሁለተኛ ረዳት መመደብ ተጀመረ። ልጅዎ በሚማርበት ጋን ስንት ልጆችና ስንት ረዳቶች እንዳሉ መጠየቅ መብትዎ ነው።

"ነጻ" ማለት ምን ማለት ነው?

ነጻ የሆነው የትምህርቱ ሰዓት ነው። ይህም ከእሑድ እስከ ሐሙስ ከጠዋት ጀምሮ እስከ 14፡00 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ዓርብ ቀን ደግሞ አጭር ነው። ለዚህ ሰዓት የትምህርት ክፍያ (ስኻር ሊሙድ) መጠየቅ አይቻልም።

ከዚህ ውጭ ያሉት ክፍያዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው "የወላጆች ክፍያ" (ታሽሉሜ ሆሪም) የሚባለው ነው፤ ለምሳሌ የአደጋ መድን፣ የቲያትርና የሙዚቃ ዝግጅት፣ ጉዞና የመጨረሻ ድግስ። የትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ ከፍተኛውን መጠን በዝርዝር ያወጣል፤ ከዚያ በላይ መጠየቅ አይፈቀድም። ከዝርዝሩ ውስጥ የትኛው ግዴታ፣ የትኛው በፈቃድ (ርሹት) እንደሆነ ተለይቶ ተጽፏል። መክፈል ያልቻለ ቤተሰብ ቅናሽ ሊጠይቅ ይችላል። ልጅ በወላጁ ዕዳ ምክንያት ከጋን አይባረርም፤ በጓደኞቹም ፊት ሊያፍር አይገባም።

ሁለተኛው የከሰዓት በኋላ እንክብካቤ (ጻሃሮን) ነው። ይህ ክፍያ አለው። እናትና አባት ሁለቱም እስከ 16፡00 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ በሚሠሩበት ቤት ትልቁ ወጪ የሚመጣው ከዚህ ነው። በ2017 "ኒጻኒም" በተባለው ፕሮግራም መንግሥት ለጻሃሮን ድጎማ መስጠት ጀምሯል፤ መጠኑም እንደ ከተማው የኑሮ ደረጃ ይለያያል። በ1997 በወጣው የረጅም የትምህርት ቀን ሕግ የሚተዳደሩ ጋኖችም ስላሉ፣ በሰፈርዎ እንዲህ ያለ ጋን መኖር አለመኖሩን አስቀድሞ ማጣራት ጥሩ ነው። ጋን በሰኔ መጨረሻ (ጁን 30) ተዘግቶ ሴፕቴምበር 1 ስለሚከፈት፣ ለሁለቱ የበጋ ወራት አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

ምዝገባ

መብቱ ያለ ምዝገባ አይሠራም። ምዝገባው የሚካሄደው በክረምት፣ አብዛኛውን ጊዜ በጃንዋሪ ወር አካባቢ ለተወሰኑ ሳምንታት ሲሆን፣ ቀኑ በየዓመቱ ይገለጻል። ያን ጊዜ የተመዘገበ ልጅ ጋን የሚገባው በሚቀጥለው ሴፕቴምበር ነው። በዚያው ዓመት እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 3 ዓመት የሚሞላው ልጅ መመዝገብ ይችላል። ስለዚህ በምዝገባው ጊዜ ልጁ ገና 2 ዓመት ከጥቂት ወር ቢሆነውም "ገና ነው" ብሎ መተው ስሕተት ነው።

ወላጆች የሚከተሉትን እንዲያስተውሉ እናሳስባለን፦

- መታወቂያችሁን (ቴውዳት ዜሁት) ከነአባሪው (ሴፋሕ) አዘጋጁ። የልጁ ስምና የመታወቂያ ቁጥር በአባሪው ላይ መኖሩን አረጋግጡ።
- ጋኑ የሚመደበው በምትኖሩበት አድራሻ ነው። ቤት ቀይራችሁ ከሆነ ከምዝገባው በፊት አድራሻችሁን በምስራድ ሃፕኒም አስተካክሉ።
- የመንግሥት (ማምላኽቲ) ወይም የመንግሥት ሃይማኖታዊ (ማምላኽቲ ዳቲ) ጋን መምረጥ የወላጅ ፈንታ ነው። ሌላ ሰው እንዲመርጥላችሁ አትፍቀዱ።
- ምዝገባው በአብዛኛው በኢንተርኔት ነው። የማይመቻችሁ ከሆነ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የትምህርት ክፍል በአካል ሂዱ፤ ወይም የማህበረሰባችን አገናኝ (ሜጋሼር) እንዲያግዛችሁ ጠይቁ።
- ልጁ አለርጂ ወይም ሌላ ሕመም ካለበት ከሐኪም በጽሑፍ አምጥታችሁ አሳውቁ።
- የተመዘገባችሁበትን ማረጋገጫ ወረቀት አስቀምጡ።

ጊዜው ያለፈበት ወላጅም ተስፋ መቁረጥ የለበትም። መብቱ አይጠፋም። የሚጠፋው የመምረጥ ዕድሉ ነው፤ ዘግይቶ የመጣ ልጅ ቦታ በተረፈበት ጋን ይመደባልና። በዓመቱ መካከል ወደ አገር የገቡ ቤተሰቦችም ያለ ቀጠሮው ጊዜ ልጆቻቸውን ማስመዝገብ ይችላሉ።

ከ3 ዓመት በታች ያሉ ልጆች

ከ3 ዓመት በታች ነጻ የሚያደርግ ሕግ የለም። ሆኖም መንግሥት ድጎማ የሚሰጥባቸው የሕፃናት ማቆያዎች (ማዖን ዮም) እና በአንዲት ተንከባካቢ ቤት እስከ 5 ሕፃናት የሚውሉባቸው ቦታዎች (ሚሽፓሕቶን) አሉ። ብዙዎቹን ማዖኖች የሚያስተዳድሩት እንደ ዊጾ፣ ናዓማትና ኤሙና ያሉ ድርጅቶች ናቸው።  ድጎማው የሚወሰነው በወላጆች ሥራና ገቢ ሲሆን፣ ማመልከቻ አቅርቦ ደረጃ (ዳርጋ) ማግኘት ያስፈልጋል። ማመልከቻ ያላቀረበ ሙሉውን ክፍያ ይከፍላል።

በ2000 በወጣ ሕግ መሠረት፣ አስቸጋሪ ሁኔታ ላይ ያለ ሕፃን (ፓዑት በሲኩን) በማህበራዊ አገልግሎት ቢሮ (ሬቫሓ) በኩል ማዖን የመግባት መብት አለው። አንዳንድ ወላጆች ወደ ሬቫሓ መሄድን እንደ ውርደት ወይም እንደ ስጋት ያዩታል። ነገር ግን ይህ ልጁ ከቤተሰቡ ጋር እየኖረ የሚያገኘው እርዳታ ነው።

አማርኛውን እንተው ወይ?

ብዙ ወላጆች "ልጃችን ዕብራይስጥ እንዳይቸገር" ብለው በቤት ውስጥ በተሰባበረ ዕብራይስጥ ያናግሩታል። ይህ ሁለት ጉዳት አለው። ልጁ ጥሩ ዕብራይስጥ አይማርም፤ ከእናቱና ከአያቱ የሚያገኘውን የበለጸገ ቋንቋም ያጣል። ዕብራይስጥ ከጋኑ ይመጣል። በአማርኛ ወይም በትግርኛ ተረት የሰማ፣ "ለምን?" ብሎ ጠይቆ መልስ ያገኘ ልጅ ይህንኑ ችሎታ ይዞ ወደ ዕብራይስጥ ይሻገራል።

ወላጅ ያልተማረ ቢሆን እንኳ ልጁን ሊያግዝ እንደሚችል በተግባር ታይቷል። በ1969 በኢየሩሳሌም በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ በአቪማ ሎምባርድ የተጀመረው "ኤትጋር" የተባለ ፕሮግራም ከዚያው ማህበረሰብ የወጣች አሠልጣኝ ወደ ቤት እየላከ እናት ልጇን እንድታስተምር የሚረዳ ሲሆን፣ በኋላም የእኛ እናቶች ተሳትፈውበታል። በ1998 ጆይንት የጀመረው "ፓክት" የተባለው ፕሮግራምም በበርካታ ከተሞች የኢትዮጵያ ተወላጅ ሕፃናትንና ወላጆቻቸውን አንድ ላይ ይዞ ሠርቷል። የሁለቱም መነሻ አንድ ነው፤ ከጋኑ በተጨማሪ ቤቱም መሥራት አለበት። አባቶቻችን "ጋን በጠጠር ይደገፋል" ያሉት ለጠላው ጋን ቢሆንም፣ ለልጆቻችንም ጋን ይሠራል። በቀን ሩብ ሰዓት ከልጅ ጋር ሥዕል ያለው መጽሐፍ ማገላበጥ፣ የሆነውን በአማርኛ መጠየቅና ማስወራት ትልቅ ድጋፍ ነው።

ችግር ሲያጋጥም

ልጆቻችን በአንድ ጋን ብቻ ተሰብስበው እንዲማሩ የሚደረግበት ሁኔታ ወላጆችን ሲያስቆጣ ቆይቷል። በ2000 የወጣው የተማሪ መብት ሕግ (ሖክ ዝኹዮት ሃታልሚድ) በዘር፣ በትውልድ ወይም በኑሮ ደረጃ ምክንያት በምዝገባና በአቀባበል ማዳላትን፣ ተማሪዎችን ነጥሎ በተለየ ክፍል ማስቀመጥንም ይከለክላል። የተመደበላችሁ ጋን ተገቢ አይደለም ብላችሁ ካመናችሁ፣ የዝውውር ጥያቄ በጽሑፍ አቅርቡ፤ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል የተነገረ አቤቱታ ማስረጃ አይሆንም።

ሌላው ጉዳይ የልዩ ትምህርት (ሒኑኽ መዩሐድ) ነው። በ1988 የወጣው የልዩ ትምህርት ሕግ ከ3 እስከ 21 ዓመት ያሉትን ይሸፍናል። እርዳታ በእውነት ለሚያስፈልገው ልጅ በጊዜ ማግኘቱ ትልቅ ጥቅም ነው፤ መደበቅም ልጁን ይጎዳል። ነገር ግን ዕብራይስጥ ገና ያልጠነከረለት ወይም ዝምታን እንደ ጨዋነት የተማረ ልጅ እንደ ዘገየ ልጅ እንዳይቆጠር መጠንቀቅ የወላጅ ድርሻ ነው። ወደ ውሳኔ ኮሚቴ (ቫዓዳ) ስትጠሩ መቅረት የለባችሁም። የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። በውሳኔው ካልተስማማችሁ ይግባኝ (ዓራር) ማቅረብ ይቻላል፤ የተወሰነ የቀን ገደብ ስላለው ግን ሳይዘገዩ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ውድ ወላጆች፣ በጋን ውስጥ የወላጆች ስብሰባ (አሴፋት ሆሪም) ሲጠራ መገኘት፣ የወላጆች ኮሚቴ (ቫዓድ ሆሪም) ሲመረጥም ራስን ማቅረብ ያስፈልጋል። "ዕብራይስጤ አይበቃም" ብለን ከቀረን፣ ስለ ልጆቻችን የሚወስኑት እኛ በሌለንበት ይሆናል። ሕጉ ለልጆቻችን ሦስቱን ዓመታት ሰጥቷል፤ ልጁን በጊዜ ማስመዝገብና ጋን ከገባም በኋላ መከታተል የእኛ የወላጆች ፈንታ ነው። እግዚአብሔር ልጆቻችንን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልን።